ሱባኤና ሞሰብ

«ሱባኤ» ከግእዝ የወረስነው ቃል ነው፤ ሥሩም ሰባት ቁጥር ነው። ሰባት ቀን አንድ ሱባኤ ይባላል። ሰው ከገበያ ጩኸትና ከቢሮ ግርግር ተለይቶ ራሱን ለጾምና ለጸሎት የሚሰጥበት የቀናት ስፍር ማለት ነው። በሌላው ዓለም ለዚሁ ዓላማ የጥሞና ማእከላት ይገነባሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ ይዘው የኖሩት ገዳማትና አድባራት ናቸው። በየዓመቱ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው የፍልሰታ ጾም ምእመናን ስንቃቸውን ቋጥረው ወደ ገዳማት ይጓዛሉ፤ በጎጆ፣ በዋሻ፣ በዛፍ ሥር ሳይቀር እያደሩ፣ ጥሬ እየቆረጠሙና ጸበል እየጠጡ ይሰነብታሉ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህች ጽሑፍ ስለ ሱባኤ ጥቅም ልትሰብክ አልተነሣችም። ያን የሚያስተምሩ አባቶች ሞልተዋል። እኔ በኮን ከተማ የምኖር፣ ቀን ቀን የሰው ገንዘብ ስመዘግብና ሂሳብ ሳመሳክር ውዬ ማታ ማታ ስንኝ የምቋጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከሙያዬ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ገቢ ሆኖ ወጪው ያልታወቀ ሂሳብ እንደማይዘጋ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ የሂሳብ ሰው ጥያቄ ነው፤ ሱባኤ የገባ ሰው ሳይበላ ያሳለፈው ቁርስ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ከጥንት ጀምሮ የተጠየቀ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ፣ ሠራተኛውን እያስጨነቀ ራሱን እንደ ደንገል የሚደፋውን ጾመኛ ይወቅሳል፤ እውነተኛው ጾም የግፍን እስራት መፍታት፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ መጠጊያ የሌለውን ወደ ቤት ማስገባት መሆኑንም ያስተምራል። «የሄርማስ እረኛ» የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ፣ በእኛም ዘንድ በግእዝ ተተርጉሞ የቆየው፣ ነገሩን ወደ ሂሳብ ያወርደዋል። ጾመኛው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዝዛል። እንግዲህ በጥንታውያን ዘንድ ጾም ከአንዱ ሞሰብ ወጥቶ ወደ ሌላው ሞሰብ የሚገባ እንጀራ ነበር ማለት ነው።

እኛ የወሎ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳንን ጾመው ሲጨርሱ፣ ከዒድ ሶላት በፊት ዘካተል ፊጥር ያወጣሉ። የተሰፈረ እህል ለድሃ ሳይደርስ በዓሉ አይከበርም። ጾሙና ስፍሩ በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው። በእኛም መጻሕፍት ያው ገመድ አለ፤ የላላው በእጃችን ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን ምድር እንውረድ። ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት። ዋድላ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘንድ ስሟ የሚጠራው በቅኔ ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ እየተባሉ ሦስቱ የቅኔ ቤቶች አብረው ይነሣሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ ሊቅ ያበቀለው ማን ነው? የመንግሥት በጀት አልነበረም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ለሚቆመው ተማሪ ቁራሽ የዘረጋ ገበሬ ነው። ያ ገበሬ ራሱ ፊደል ላይቆጥር ይችላል፤ ነገር ግን ከውሻ ጩኸት ጋር እየታገለ ደጁ ለደረሰ የሰው ልጅ የሞሰቡን ክዳን አንሥቷል። የመንፈስ ብልጽግና የምንለው ነገር በዚህ አገር የቆመው በድሃ ቁራሽ ላይ መሆኑን የማይቀበል ሰው፣ ቅኔውን እንጂ ቅኔው የበላውን እንጀራ አላየም።

በላስታም እንደዚሁ ነው። የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። በልደት በዓል ከየአውራጃው በእግሩ ተጉዞ የሚደርሰውን መንገደኛ የከተማው ነዋሪ እግሩን አጥቦ፣ መኝታ ሰጥቶ፣ ያለውን አቅርቦ ይቀበለዋል። የአስተናጋጁ ቤት ከእንግዳው ቤት የሚበልጥ ሀብት የለውም፤ ብዙ ጊዜም ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ነሐሴ በደጋው የዝናብና የአረም ወር ነው። የመኸሩ አዝመራ ገና አልደረሰም፤ በብዙ ቤት ጎተራው የሚጎድለው በዚህ ጊዜ ነው። የከተማው ሱባኤተኛ በፈቃዱ የሚራብበት ወር ገበሬው ያለ ፈቃዱ የሚራብበት ወር ነው። ሁለቱ በአንድ ደጀ ሰላም ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንደኛው ጾሙ ሲፈታ ወደ ሞላ ቤት ይመለሳል፤ ሌላኛው ጾሙ ቢፈታም የሚፈታበት ነገር የለውም። ይህን አይቶ ዝም ብሎ የሚመለስ ሱባኤ ምን ዓይነት ሱባኤ ነው?

በዚህ ላይ ያለፉት ዓመታት መከራ አለ። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደዚህ ደጋ ዘልቆ ላሊበላን ጨምሮ የሰሜን ወሎን ከተሞች ከእጅ ወደ እጅ ሲያገላብጥ፣ ጎተራም ትምህርት ቤትም አልተረፈም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ በጎብኚ ይኖር የነበረውን አስጎብኚ፣ አልጋ አከራይና ዕደ ጥበበኛ ገቢ አሳጣው። እግር አጣቢው ሕዝብ ራሱ የሚያጥበው ይሻል።

አንዳንድ ወዳጆቼ በዚህ ሐሳብ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ሳይመለስ ሊታለፍ አይገባውም። «ገዳም የጸሎት ቦታ ነው፤ የዕርዳታ ድርጅት አታድርጉት። የልማት ሥራ ከፈለጋችሁ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ያቋቋመችው የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አለ» ይላሉ። እውነት አላቸው። ገዳም ሪፖርት መጻፊያና የፕሮጀክት ሰሌዳ መትከያ ቢሆን ጸጥታው ይጠፋል፤ ጸጥታው ከጠፋም ሰው ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት አይኖርም።

ነገር ግን የገዳም ሥርዓት ራሱ ምን እንደሚል እንጠይቅ። የአንድነት ኑሮን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የመሠረተው አባ ጳኩሚስ መነኮሳቱን በጸሎት ብቻ አላኖራቸውም፤ በእጃቸው ሠርተው እንዲበሉ ሥርዓት ሠራላቸው። ሥርዓቱም ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ለእኛ ገዳማት ደርሷል። ስሙን በቅዳሴው የምናውቀው ባስልዮስ ዘቂሳርያ በዚያው ክፍለ ዘመን አገሩን ረሃብ በመታት ጊዜ ባለጠጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ገሠጸ፤ ኋላም ከከተማው ውጭ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች መጠጊያ ሠራ። በእኛው ወሎም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ያቆመው ገዳም የጸሎት ቤት ብቻ አልነበረም፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ የተማሩበት፣ መጻሕፍት የተጻፉበት ጉባኤ ነበር። እንግዲህ ጸጥታና ሥራ በጥንቱ ገዳም አብረው ኖረዋል።

እውነቱን እስከ መጨረሻው እንናገር ካልን ግን ሌላም ገጽ አለ። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ በፊት ብዙ ገዳማትና አድባራት ሰፊ ይዞታ ነበራቸው፤ ለእንግዳና ለድሃ የሚቀርበው ማዕድ ከፊሉ ገባሩ በላቡ ያመረተው ነበር። በቀኝ እጅ የሚሰጠው ምጽዋት በግራ እጅ ከተሰበሰበ ግብር ሲወጣ፣ ምጽዋቱ ቢኖርም ፍትሑ ይጎድላል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲረግፍ የታየው አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ ርኅራኄ የነበረበት አገር ነበር፤ ፍትሕ ግን አልነበረበትም። ከዐዋጁ በኋላ ደግሞ መሬቱ ሲሄድ ማዕዱም አብሮ ቀነሰ። ዛሬ ለገዳማት የቀረላቸው ንጹሕ ጎተራ የምእመኑ የራሱ ጾም ነው። ከማንም ያልተነጠቀ፣ ከራስ አፍ የተቀነሰ ነውና።

እንግዲህ እስኪ ሂሳቡን እንሥራው። ቁርስን በ50 ብር እንገምተው። 15 ቀን ሲጾም 750 ብር ይሆናል። 60 ሰው የጫነ አንድ አውቶቡስ 45,000 ብር ማለት ነው፤ 10 አውቶቡስ 450,000 ብር። ይህ ማንም ከኪሱ ተጨማሪ ሳያወጣ፣ ያልበላውን ብቻ በማስረከብ የሚገኝ ገንዘብ ነው። ለአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ይህ ገንዘብ የክረምት ስንቅ ነው፤ ተማሪው ደጅ ለደጅ የሚዞርበትን ሰዓት ለቀለሙ ያተርፍለታል።

ስለዚህ ሱባኤ ለሚያስተባብሩ ማኅበራትና ለገዳማት አበው ሦስት ነገር በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የጾሙ ዋጋ በዚያው ደጅ ይቅር። ገንዘቡ ከሕንፃ ማሠሪያው ሙዳይ ተለይቶ፣ በጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ገቢውና ወጪውም ሁሉ እንዲያየው በደጀ ሰላሙ ይለጠፍ። ዮሐንስ አፈወርቅ፣ መሠዊያውን በወርቅ ሸልመው ክርስቶስን በድሃው አካል ውጭ የሚያስርቡትን የገሠጸው ለዛሬም ነው። ሕንፃ አይሠራ አላልሁም፤ ሙዳዮቹ ግን ይለዩ።

ሁለተኛ፣ ከሰባቱ ቀን አንዱ የእጅ ሥራ ቀን ይሁን። የመበለቲቱን ማሳ ማረም፣ የተማሪዎቹን ጎጆ መክደን፣ የምንጩን ዙሪያ ማጽዳት ጸሎትን አያቋርጥም። አዲስ አበባ ሆኖ ስለ ድሃ ከመናገር ይልቅ በደጋው ጭቃ ከድሃው ጋር ግማሽ ቀን ማጎንበስ የሚያስተምረው ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ ከምሽት ጉባኤያቱ አንዱ ስለ ፍትሕ ይሁን። ከሩቅ ስለሚገኝ ንጉሥ ወይም ሹም ማውራት ቀላል ነው፤ እኔ የምለው የየቤታችንን ፍትሕ ነው። ሱባኤ ስንገባ ቤታችንን የምትጠብቅልን የቤት ሠራተኛ ደመወዟ በወሩ ተከፍሏታል? የምንሸጥበት ሚዛን የተስተካከለ ነው? እኅታችን ከአባቷ ውርስ ድርሻዋን አግኝታለች? ያዕቆብ በመልእክቱ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮህ ጽፏል። እኛ በቅዳሴ ድምፃችንን ከፍ ስናደርግ ያ ጩኸትም አብሮን ወደዚያው ጆሮ ይወጣል።

የቀራጩን የዘኬዎስን ታሪክ ሳስበው፣ እንደ ሂሳብ ሰው የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ዘኬዎስ ስለ ልቡ መታደስ ረጅም ንግግር አላደረገም። ቁጥር ጠራ፤ ለድሆች የሀብቱን እኩሌታ፣ ለበደላቸው ደግሞ አራት እጥፍ። መዳን ለዚያ ቤት እንደሆነ የተነገረውም ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ምጽዋት ነው፤ ሁለተኛው ፍትሕ ነው። ሱባኤያችን ሁለቱንም ቁጥሮች ቢጠራ ምን ይመስላችኋል?

ይህን ስል ሱባኤ በገንዘብ ይተመን ማለቴ አይደለም። ሌሊት በቆመ ሰው ልብ ውስጥ የሚሆነውን የሚመዘግብ መዝገብ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። የምለው፣ በልብ የሆነው ነገር እውነት ከሆነ ወደ እጅ መውረዱ አይቀርም ነው። ነፍሱ የበለጸገች ሰው ጎረቤቱ የሚያውቀው በፊቱ መገርጣት ሳይሆን በሞሰቡ መከፈት ነው።

የዛሬውን ሐሳቤን እንደ ልማዴ በጥቂት ስንኝ ላሳርግ፤

ጾምሁ ብዬ ብኮራ ነፍሴ ጠየቀችኝ፣
«ያልበላኸው የታል?» ብላ አፋጠጠችኝ፤
ሞሰቤን ብከፍተው እንጀራው ሻግቷል፣
ደጄን ብከፍተው ግን የራበው ሰው ቆሟል።

ቸር ይግጠመን።