ቁልቁለት በፍሪ አይወረድም

ፕሪየስ በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከገባች ወዲህ የብዙ ሐበሻ ታክሲ ነጂ እንጀራ ሆናለች። ታዲያ ከሬንተን ሃይላንድስ ወደ ታች ሲወርድ፣ የአገር ቤት ልማዱን አልተው ብሎ ማርሹን ፍሪ የሚያደርግ ሹፌር አይጠፋም። ቤንዚን መቆጠቡ ነው። በዚህች መኪና ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቁልቁለት ስትወርድ ጎማው የኤሌክትሪክ ሞተሩን እያሽከረከረ ባትሪውን ይሞላል፤ ማርሹ «ኤን» ላይ ከሆነ አይሞላም፤ በነፃ የተገኘው ኃይል ፍሬኑን አግሎ ይጠፋል። ስለዚህ «ዲ» ላይ ትቶ ፍሬኑን ከሩቅ ቀስ አድርጎ መርገጥ ነው። ድንገት የረገጠ ሰው ሥራውን ለተራው ፍሬን ይሰጣል። «ቢ» የሚለውም ለረጅም ቁልቁለት እንጂ ለቁጠባ አልተሠራም።

በብርድ ወራት ሲታክ ተራ እየጠበቁ ማሞቂያ መክፈትም ዋጋ አለው፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከቤንዚን ሞተሩ ስለሆነ መኪናዋ ቆማም ትበላለች። ጃኬት መደረብ ይረክሳል። ብርዱ ጎማም ያስተነፍሳል፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር 1 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይቀንሳል። ልኩ በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተጽፏል።

ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለችውን የባትሪ አየር ማስገቢያ ደግሞ የተሳፋሪ ኮትና ሻንጣ እንዳይደፍናት፣ አቧራዋም እንዲጠረግ ያስፈልጋል። ባትሪው በሙቀት ከተጎዳ፣ ማስቀየሪያው የስንት ወር ቁጠባ ይዞ ይሄዳል።