የስልክን ቦርድ በማሽን ስለ ማጠብ

በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተቀመጠችው በመሐል ሜዳ፣ ክረምቱ ገብቶ ጉሙ በሚረብበት ወራት፣ ዝናብ የመታው ወይም ወንዝ ሲሻገሩ የወደቀ ስልክ ከባላገሩ ኪስ ወደ ሞባይል ጠጋኙ ደጅ መምጣቱ የማይቀር ነው፤ ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ያ ስልክ የበግ ዋጋ መቀበያ ጭምር ሆኗልና፣ በቦርዱ ላይ የሚፈጸመው ሥራ ሁሉ ብርቱ ጥንቃቄን ይሻል።

በዚህ ሙያ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ በአልትራሳውንድ የሚያጥበው ትንሽ ገንዳ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20000 ንዝረት ያለፈውን ድምፅ አይሰማም፤ ይህ ማሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ 40000 ያህል ይርገበገባል፤ ከዚህም የተነሣ በፈሳሹ ውስጥ ከዐይን የረቀቁ አረፋዎች ይፈጠሩና ወዲያው ተጨፍልቀው ሲጠፉ በሚወልዱት ኀይል ዝገቱንና እድፉን ይፈነቅላሉ። ጥበቡ ዕፁብ ድንቅ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ይኸው ኀይል የመርከብን ተሽከርካሪ መቅዘፊያ (ፕሮፔለር) ብረት ሳይቀር ቦርቡሮ የሚበላ በመሆኑ፣ ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1917 እ.ኤ.አ. የአረፋውን አጨፋለቅ በሒሳብ እስከ መመርመር ደርሷል፤ የሚጠራጠር ቢኖርም ስስ የአሉሚኒየም ፎይል ጥቂት ደቂቃ በገንዳው ነክሮ ቢያወጣ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ያገኘዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሥውሩ ጉዳት ነው። የስልኩን ሰዓት የሚመራው ደቃቅ የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32768 ጊዜ የሚርገበገብ ነውና፣ ንዝረቱ ከማሽኑ ንዝረት እምብዛም ስለማይርቅ፣ ከልክ በላይ ተናውጦ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የማይኩ ስስ ሽፋንም እንዲሁ። በቦርዱ ላይ ከተበየደው አይሲ (ቺፕ) ሥር የሰረገው ፈሳሽ ደግሞ በደጋው ብርድ ቶሎ አይደርቅም፤ ቦርዱ አብለጭልጮ ወጥቶ፣ ባለቤቱም አመስግኖ ከሄደ በኋላ፣ ኤሌክትሪክ ባገኘ ቁጥር መስመሩን እየበላ ይኖራል።

ገንዳውን በቤንዚን ወይም በቲነር መሙላት ግን በነፍስ መጫወት ነው። ብርዱ ይጠብቀናል የሚል ካለ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል እንኳ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ እሳት የሚይዝ ትነት እንደሚያወጣ፣ ቤንዚን ደግሞ ውሃ ከሚረጋበት ብርድ በታች ሳይቀር እንደሚቀጣጠል ይወቅ፤ ማሽኑ ፈሳሹን እያሞቀ፣ የሱቁ በር ለብርዱ ተዘግቶ፣ መበየጃው በጎን ሲግል የሚደርሰውን ማሰብ አያዳግትም።

ስለዚህ ጠጋኝ ወንድሞቼን የምለምነው፣ ባትሪውን ነቅለው አስቀድመው በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ እንዲያጸዱ፣ ማሽኑንም የመጨረሻ መድኃኒት አድርገው፣ ለቦርድ በተዘጋጀ ፈሳሽ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲጠቀሙበት፣ ከዚያም በሚገባ እንዲያደርቁት ነው። የቴሌብሩ ገንዘብ በቦርዱ ላይ ባይቀመጥም፣ የሟች አባት ፎቶግራፍና ድምፅ ሌላ ቅጂ ከሌለው ያለው እዚያው ነውና፣ ባለቤቱ አደጋው በግልጽ ተነግሮት እሺ ሳይል ቦርዱ ገንዳ ውስጥ ሊገባ አይገባም።