ከትልቁ ማግኔት በፊት ትንሹ ኮይል

በወላይታ ሶዶ ከመድኃኒት ዕፅዋት ንጥረ ነገር ለይቶ የሚያወጣ ተመራማሪ ከወራት ድካም በኋላ በእጁ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው። የውሑዱን አወቃቀር ለማወቅ ያችው ናሙና እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ያለ ባለ 400 ሜጋኸርዝ መሣሪያ ፍለጋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች።

የተለመደው መፍትሔ «ማግኔት ይገዛ» የሚል ነው። ሱፐርኮንዳክቲንግ ማግኔት ግን ተገዝቶ የሚያበቃ ዕቃ አይደለም፤ ፈሳሽ ሂሊየም በየጊዜው ይፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ከሌላኛው ጫፍ፣ ከሬዲዮ ሞገድ ኮይሉ፣ ቢጀምር ይሻላል።

ሃውልትና ሪቻርድስ በ1976 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ኮይል ከናሙና የሚቀበለው ሲግናል በኮይሉ የሚያልፍ አንድ አምፔር ከሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ጋር ተመጣጣኝ ነው። የኮይሉ ርዝመትና ስፋት በግማሽ ሲያንሱ ይህ መስክ እጥፍ ይሆናል። በ1995 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናትም በናኖ ሊትር ከሚለካ ናሙና ጥራት ያለው ስፔክትረም ማግኘት እንደሚቻል አረጋግጧል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ትንሽ ኮይል የሚጠቅመው ናሙናው ራሱ ጥቂት ሲሆን ነው። የእንሰት ጭማቂን ወይም ወተትን ለመሰለ እንደ ልብ ለሚገኝ ናሙና ትልቁ ኮይል ብዙ ሞለኪውል ስለሚይዝ ብልጫው የእርሱ ነው። ስለዚህ ከሽቦው በፊት ጥያቄው መመረጥ አለበት።

በ1.4 ቴስላ ቋሚ ማግኔት የፕሮቶን ፍሪኩዌንሲ ወደ 60 ሜጋኸርዝ ነው፤ የ100 ናኖሄንሪ ኮይል 70 ፒኮፋራድ ገደማ በሆነ ካፓሲተር ይቃኛል። ይህ ለኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ የሚከብድ አይደለም። የሚከብደው ሙቀት ነው። የኒዮዲሚየም ማግኔት መስክ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.1 በመቶ ያህል ይለወጣል፤ ይህም 60 ሺሕ ኸርዝ መሆኑ ነው። ሊለዩ የሚፈለጉት መስመሮች ግን አንዳንዴ በጥቂት ኸርዝ ብቻ ይራራቃሉ። የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ቅዝቃዜ በሚፈራረቁበት ክፍል ውስጥ የሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው ማግኔት የቱንም ያህል ድንቅ ኮይል ከንቱ ያደርገዋል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ የ400 ሜጋኸርዙን አይተካም፤ የአዲስ ውሑድ አወቃቀር ይፈታል ብሎ ቃል መግባትም አይገባም። የታወቀን ውሑድ ለማጣራትና ለማስተማር ግን ይበቃል። የመጀመሪያው የማስተርስ ጥናትም በሲሙሌሽን የመስክ ሥዕል ላይ መቆም የለበትም፤ ስፋታቸው የተለያየ ሁለት ኮይሎች ተጠምጥመው፣ በሁለቱም እኩል መጠን ያለው ውሃ ተለክቶ፣ የሲግናሉና የኖይዙ ንጽጽር ከስሌቱ ጋር ይመሳከር።