ቅጠል ብቻ ሆኖ የቀረው አበባ

በዚህ ወር ዓምዳችን ከኖፓ ጓሮአችን አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል።

ከሦስት ዓመት በፊት በጀርመን የሚኖሩ ዘመዶቻችን የካምፓኑላ ዘር ላኩልን። ካምፓኑላ ደወል የሚመስል ሰማያዊ አበባ የሚያወጣ፣ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማያልፍ፣ አንዴ ከተከሉት ለዓመታት የሚቆይ ተክል ነው። ልጃችን ዘሩን ተረከበች። በክረምት ውኃ ተኝቶ ሥሩን እንዳያበሰብሰው መደቡን ከፍ አድርጋ ጠጠር ቀላቀለችበት፤ በበጋ ከውዱእ ማንቆርቆሪያ የተረፈውን ውኃ አጠጣችው። ተክሉ ለመለመ። ሆኖም በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም አበባ አላወጣም። እኛም «ውኃ አብዝተሽበት ነው»፣ «ቦታውን ሳትመርጪ ተክለሽው ነው» እያልን ወቀስናት። በመጨረሻ «የኔ እጅ ለአበባ አይሆንም» ብላ ተወችው።

ጥፋቱ ግን የእርሷ አልነበረም። ይህ ዝርያ የመጣው በአውሮፓ ካሉት የካርፓቲያን ተራሮች ነው። በዚያ አገር በሰኔ ቀኑ እስከ 16 ሰዓት ይረዝማል፤ ተክሉም የሚያብበው ቀኑ ከ14 ሰዓት በላይ ሲሆንለት ነው። በኢሉባቦር ግን ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። ነገሩን ጾመኛ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ረመዷን ሰኔ ላይ በዋለ ጊዜ የጀርመን ዘመዶቻችን ከ18 ሰዓት በላይ ሲጾሙ፣ የእኛ ጾም 14 ሰዓት ገደማ ነበር። ተክሉም የለመደውን ረጅም ቀን ሲጠብቅ ከረመ።

ደወል አበባ ለሚወድ ግን የአገራችን ዝርያ አለ፤ ካምፓኑላ ኤዱሊስ ይባላል። በደጋው ሣርና ድንጋያማ ስፍራ ላይ የሚበቅል፣ የእኛው አጭር ቀን የሚበቃው ተክል ነው። ከባሕር ማዶ በየመንም ይገኛል። ስሙን ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን የሞተው ተመራማሪ ፎርስኮል ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1775 ነው። «ኤዱሊስ» በላቲን «የሚበላ» ማለት ነው፤ ወፍራም ሥሩ ይበላልና። ይህን ሰምታችሁ ግን የማታውቁትን ሥር ሁሉ እንዳትቀምሱ!

ተክሉን ከመስክ አትንቀሉት፤ ፍሬው ሲደርቅ ጥቂት ዘር ብቻ ውሰዱ። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ አፈር ሳታለብሱት ከላይ በትናችሁ በቀስታ አርከፍክፉበት።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችን የጀመሩት ነገር አልሰምር ሲል ወቀሳው ይቅደም ወይስ ምክንያቱን መጠየቅ? እኛ ልጃችንን ይቅርታ ጠይቀናል። እርሷም ያንኑ መደብ ለአገሩ ዘር እየኮተኮተች ነው። ኢንሻአላህ ሲያብብ እንነግራችኋለን።