ይመለሱልን

የቃና ዘገሊላ ለት እማዬ ቤት ነበርኩ። እማዬ ኦርቶዶክስ፣ ታናሽ እህቴ ፕሮቴስታንት ናት፤ በሃይማኖት ነገር ስንቴ አስታርቄያቸው ስንቴ ተጣልተውብኛል። ዘንድሮ ጠብ የለም። እማዬ የሚካኤልን ታቦት ሸኝታ ገባችና ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «ልጄን ወደ ቤትህ መልስልኝ» አለች። እህቴ ጓዳ ሲኒ እያለቀለቀች፣ «ጌታ ሆይ፣ እናቴን አድንልኝ» ትላለች። እኔ መሃል ላይ ፈንዲሻ ይዤ ቆሜያለሁ።

ሳምንቱ ደግሞ በሌላው ዓለም ስለ ክርስቲያኖች አንድነት የሚጸለይበት ነው፤ ከጥር 10 እስከ 17፣ አብዛኛውን ዓመት ከጥምቀታችን ጋር ይገጥማል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) በ1908 አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር ጸሎቱ የእማዬ ዓይነት ነበር፦ የተለዩት ሁሉ ወደ ሮም ይመለሱ። መልኩን የቀየሩት የሊዮኑ ካቶሊክ ቄስ አባ ፖል ኩቱሪዬ ናቸው።

አባ ኩቱሪዬ የሳይንስ መምህር ነበሩ። በ1920ዎቹ ከአብዮት ሸሽተው ሊዮን የገቡ ሩሲያውያንን ሲረዱ ነው ከኦርቶዶክሶች ጋር የተዋወቁት። ጉባኤ አይደለም ያገናኛቸው፤ ችግር ነው። በ1930ዎቹ ጸሎቱን እንዲህ አደረጉት፦ አንድነቱ ክርስቶስ የወደደው ይሁን፣ መንገዱንም እሱ ይምረጥ። ያኔ ካቶሊኩም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም ማንም ማንንም ወደ ራሱ ሳይጠራ «አሜን» ማለት ቻለ። በ1937 የካቶሊክ ቄሶችንና የፕሮቴስታንት ፓስተሮችን አንድ ላይ አስቀመጡ። በ1944 የናዚዎቹ ፖሊስ ጌስታፖ አባ ኩቱሪዬን አሰራቸው። በ1953 አረፉ።

«ይህማ እምነት ማላላት ነው» የሚል ደብዳቤ ዛሬውኑ እንደሚደርሰኝ አውቃለሁ። ሰውየው ካቶሊክ ሆነው ኖረው ካቶሊክ ሆነው ሞቱ፤ መልሴ ይኸው ነው። በአዋጅ አንድ መሆንንማ ካቶሊክነትን ባወጁት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አይተነዋል። በ1632 አዋጁ ተመለሰ፤ የፈሰሰው ደም አልተመለሰም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ እናትና ልጅን ልገስጽ ተነሥቼ ነበር። ድንገት ግን የራሴ ጸሎት ትዝ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ የምለምነው ሁለቱም ስለ ሃይማኖት ዝም እንዲሉልኝ ነው። ለካ እኔም «ወደ እኔ ይመለሱ» እያልኩ ኖሬያለሁ!

«ምን ይገትርሃል? ፈንዲሻውን አምጣው እንጂ» አለች እማዬ። እህቴ ሲኒዎቹን ደርድራ አጠገቧ ተቀምጣለች።