ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጣቢያ

ሲልቨር ስፕሪንግ ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ማታ ሐበሻ ቤት ጎራ ያለ እንግዳ ስለ አዲስ አበባ ሳይሰማ አይወጣም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ዩቲዩብ ላይ ተከፍቶ የኮሪደር ልማቱ፣ የዶላር ምንዛሬው፣ የፓርቲዎቹ መግለጫና የመግለጫው መልስ ተራ በተራ ይመጣል። የቤቱ ጌታ የሚኒስትሮቹን ስም ከነቀድሞ ሹመታቸው ይዘረዝራል። በሚኖርበት ካውንቲ ወይም ከተማ ምክር ቤት ማን እንደሚወክለው ብትጠይቁት ግን ወደ ባለቤቱ ዞር ይላል፤ እሷ ደግሞ ወደ ልጆቹ።

አለማወቁ ባያስከፍል ኖሮ በሳቅ ባለፍነው። ያስከፍላል። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች አከራይ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ መጨመር አይችልም። ሕጉ ከመጽደቁ በፊት ተከራዩም አከራዩም ምክር ቤቱ ፊት እየቀረበ ተከራክሯል። ከእኛ ሰው ስንቱ ተከራይ ነው? ስንቱስ አፓርታማ ገዝቶ ያከራያል? ብዙዎቻችን ነገሩን የሰማነው ካለቀ በኋላ፣ ያውም ቡና ላይ፣ ግማሹን ትክክል ግማሹን የተሳሳተ አድርገን ነው።

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚል ሕዝብ ቴሌቪዥኑን ለሩቁ ብቻ ማስረከቡ ይገርመኛል። ቅርቡ እኮ አለ። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖር ሰው ጣሪያው ላይ ወይም መስኮቱ ጥግ አንቴና ቢሰካ ያለ ምንም ክፍያ የሕዝብ ጣቢያዎችን ያገኛል፦ በቻናል 26 የሚታወቀውን የአርሊንግተኑን ዌታን፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ንብረት የሆነውን ቻናል 32ን፣ የሜሪላንድ ግዛት ጣቢያ የሆነውን ሜሪላንድ ፐብሊክ ቴሌቪዥንን። እኔ እዚህ አገር በገባሁበት ሰሞን ኬብል የማስገባት አቅም ስላልነበረኝ እንግሊዝኛን ያለማመዱኝ እነዚህ ናቸው። እንደ እኔ የልጆቿን ፕሮግራም አብራ እያየች ቋንቋውን የለመደች እናት በሰፈራችን ጥቂት አይደለችም።

እነዚህ ቻናሎች በአጋጣሚ የተገኙ አይደሉም። ቴሌቪዥን በአሜሪካ ገና ሲስፋፋ ንግዱ ሞገዱን ሁሉ ሊወስደው ሲል፣ በፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የመጀመሪያዋ ሴት አባል የነበሩት ፍሬዳ ሄኖክ ለትምህርት የሚሆን ድርሻ ይከለል ብለው ተሟገቱ። ኮሚሽኑ በ1952 ለዚሁ ዓላማ 242 ቻናሎችን ለይቶ አስቀመጠ። በማግስቱ ዓመት የሂውስተኑ ጣቢያ የመጀመሪያው ሆኖ ተከፈተ፤ በ1954 ደግሞ የፒትስበርጉ ጣቢያ በከተማው ነዋሪ ድጋፍ ሥራ ጀመረ።

የሕዝብ ቴሌቪዥንን ወደ እኛ ሰፈር ያመጡት ኤልዛቤት ካምቤል ናቸው። ሴትየዋ የትምህርት ሰው ነበሩ፤ በ1947 ለአርሊንግተን የትምህርት ቦርድ ሲመረጡ በቨርጂኒያ በምርጫ እንዲህ ያለ ቦርድ ውስጥ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ለዋሽንግተን አካባቢ ልጆች ጣቢያ ያስፈልጋል ብለው ዓመታት ለፉ። ዌታ በ1961 ሥርጭት ሲጀምር ስቱዲዮው አርሊንግተን ውስጥ በሚገኘው ዮርክታውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከቀዳሚ ሥራዎቹ አንዱም ለክፍል ተማሪዎች የሚተላለፍ የሳይንስ ትምህርት ነው። የፖለቲካ ሰው ለንግግሩ፣ ነጋዴ ለሸቀጡ የከፈተው ጣቢያ አልነበረም።

የአካባቢ ጣቢያ ለኅብረተሰቡ ምን ይሠራል ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ጥሩ ዶክመንተሪ ነው። ከዚያ ይልቅ በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ ማየት ይበጃል። ሰሰሚ ስትሪት በ1969 ሲጀመር ዓላማው መዋዕለ ሕፃናት መግባት ያልቻለውን የድሃ ልጅ ፊደልና ቁጥር አስይዞ ትምህርት ቤት ማድረስ ነበር። ዛሬም ዌታ ቀንና ሌሊት ለልጆች ብቻ የሚሠራ ቻናል አለው፤ መሀሉ ላይ የስኳር መጠጥ የሚሸጥ ማስታወቂያ የለበትም። ሜሪላንድ ፐብሊክ ቴሌቪዥን ስለ ግዛቱ ገበሬዎችና ስለ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚሠራውን ማንም የአገር አቀፍ ጣቢያ አይሠራለትም። ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላም አለ፦ ስልካችን ላይ ድንገት የሚጮኸው የጎርፍና የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ወደ ስልክ ኩባንያዎቹ የሚሄድበት ዋናው መስመር ቢቋረጥ፣ መጠባበቂያው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማሰራጫ ነው።

የሃዋርዱን ጣቢያ ለብቻው ላንሳ። በ1980 ሥራ ሲጀምር ጥቁር ሕዝብ ራሱ የያዘው የመጀመሪያው የሕዝብ ቴሌቪዥን ነበር። ከ1985 እስከ 2011 "ኢቪኒንግ ኤክስቼንጅ" የተባለውን የውይይት ፕሮግራም የመራው ኮጆ ናምዲ ከጋያና የመጣ ስደተኛ ነው። የባዕድ ዘዬ ያለው ሰው ለሩብ ምዕተ ዓመት የዋሽንግተንን ባለሥልጣናት፣ መምህራንና ሠራተኞች ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ጠይቋል። የካሪቢያኑ ስደተኛ ያገኘውን ወንበር ሐበሻ ለምን አላገኘውም ብሎ መጠየቅ ያባት ነው። መልሱ ግን ጣቢያዎቹ ጋር ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ የገንዘቡ ነገር ይመጣል። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እድር ነው። አባል በየወሩ የአቅሙን ያዋጣል፣ ገንዘብ ያዡ ይመዘግባል፣ ሒሳቡ ይገለጻል። ልዩነቱ ይኸኛው እድር ላልከፈለም ድንኳን መትከሉ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ፕሮግራም ተቋርጦ "እባካችሁ አዋጡ" ሲባል፣ ላዋጣ ኩባያና የጨርቅ ቦርሳ ሲቀርብ ያየነው የዚህ አካል ነው። ለብዙዎቹ ጣቢያዎች የወር 5 ዶላር አባል ያደርጋል።

ከአባላት መዋጮ ሌላ የመንግሥት ድጎማ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1967 በፈረሙት ሕግ የተቋቋመው ኮርፖሬሽን ከኮንግረስ የሚያገኘውን ገንዘብ አብዛኛውን ለየአካባቢው ጣቢያ ያከፋፍል ነበር። ሒሳቡ ለአንድ አሜሪካዊ በዓመት 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ይደርስ ነበር። ሕጉ ገንዘቡን ሲሰጥ ግዴታም አስሮበታል፦ ተቀባዩ ጣቢያ የቦርዱን ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ፣ የሒሳብ መዝገቡንም ማየት ለፈለገ ማሳየት ነበረበት፤ በመንግሥት ይዞታ ሥር ካልሆነም ከነዋሪው የተውጣጣ አማካሪ ቦርድ ሊኖረው ይገባ ነበር። ለእኔ የጣቢያው ሕዝባዊነት ያለው ከየትኛውም ፕሮግራም ይልቅ እዚህ ውስጥ ነው። ሕዝብ የሚያየው ጣቢያ ሞልቷል፤ ሕዝብ ገብቶ "ለምን?" የሚለው ግን ጥቂት ነው።

በጁላይ 2025 ኮንግረስ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። ኮርፖሬሽኑም በኦገስት ሥራውን ማጠፍ እንደሚጀምር አስታወቀ። የሰረዙት ሰዎች ዋና ክርክር ጣቢያዎቹ ወደ ግራ ያዘነብላሉ፣ ግብር ከፋዩ ለማይስማማበት ሐሳብ ለምን ይክፈል የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ለአዘነበለ ጣቢያ መድኃኒቱ ግን በሕጉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ስብሰባው ክፍት ነበር፣ ገብቶ መከታተልና ተከታትሎ መሞገት ይቻል ነበር። ገንዘቡን መቁረጥ የተቆጡበትን ትልቁን ጣቢያ ትቶ ትንሹን መታ።

በአገር አቀፍ ደረጃ ከሕዝብ ቴሌቪዥን ገቢ የፌዴራሉ ድርሻ 15 በመቶ ያህል ነበር። ባለጸጋ አባላት ያሉት የትልቅ ከተማ ጣቢያ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ ይኖራል። በአላስካ ቤተል የሚገኘው ኬ ዋይ ዩ ኬ ግን ከገቢው 70 በመቶ ያህሉ ከፌዴራሉ ድጎማ ነበር። ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአንድ ጣሪያ ሥር የያዘው ይህ ጣቢያ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የመኪና መንገድ በማያገናኛቸው መንደሮች ለሚኖረው የዩፒክ ሕዝብ በእንግሊዝኛም በዩፒክ ቋንቋም ያገለግላል። ሴኔቱ በቅነሳው ላይ በሚከራከርበት ቀን እንኳ አላስካ ባሕር ውስጥ መጠኑ 7.3 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነስቶ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። በኦክቶበር ደግሞ ሃሎንግ የተባለው አውሎ ነፋስ ትራፊ ኪፕነክና ክዊጊሊንጎክ የተባሉትን መንደሮች አጥለቀለቀ፤ ከሺህ በላይ ሰው ከመኖሪያው ተነሳ። በዚያ ሌሊት ለአንዲት የዩፒክ አሮጊት የሚያስፈልጋቸው በገዛ ቋንቋቸው ውኃው የት እንደደረሰ የሚነግራቸው ሰው ነው። ያንን ከኒውዮርክ ሆኖ የሚሠራላቸው የለም።

የቤተሉን ጣቢያ ያነሳሁት እኛም ቋንቋችን እዚህ አገር የተጻፈ መብት ስላለው ነው። የዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የመንግሥት ቅጽ በአማርኛ የምናገኘው በዚያ ምክንያት ነው። መሥሪያ ቤቱ ያደረገውን የሕዝብ ጣቢያው ቢያደርገው ምን ይከለክለዋል? ምርጫ ሲደርስ የድምፅ አሰጣጡን፣ በረዶ ሲጥል የትምህርት ቤቱን መዘጋት፣ የጤና መድን ምዝገባውን በአማርኛ አጭር ፕሮግራም መሥራት ከጣቢያው ዓላማ ጋር ይገጥማል።

አሁን ግን ወደሚያሳፍረው እንምጣ። ዌታ ከቻናሎቹ አንዱን ሃያ አራት ሰዓት ለእንግሊዝ ድራማ ሰጥቷል። የሎንዶን መኳንንት ቤት ውስጥ ሻይ ሲቀዳ በማንኛውም ሰዓት ማየት ይቻላል፤ ሴቨን ኮርነርስ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቁን ከፍቶ የሚያመሽ ሐበሻ ግን የሚታየው አልፎ አልፎ፣ አብዛኛውን ጊዜም በእንጀራው በኩል ነው። ቢያናድድም ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። የእንግሊዝ ድራማ ወዳጆች ያዋጣሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይደውላሉ፤ ጣቢያው ደግሞ የሚኖረው በእነሱ ነው። ያላዋጣ፣ ያልጻፈ፣ ስብሰባ ላይ ያልታየ ማኅበረሰብ በጣቢያው መርሐ ግብር ላይ ባይታይ ማን ይወቀሳል?

አዋጡ ብንባል አናውቅም እንዳንል ደግሞ እናውቃለን። ኢሳት የተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን በ2010 ሥርጭት ሲጀምር ከዋሽንግተን እስከ አምስተርዳም የቆመው በዲያስፖራው መዋጮ ነው። አዳራሽ ሞልተን፣ ጨረታ ተጫርተን፣ ለሳተላይት ኪራይ ዶላራችንን አፍስሰናል። በፖለቲካው ተስማማንም አልተስማማንም አንድ ነገር ተረጋግጧል፦ ይህ ሕዝብ ካመነበት ቴሌቪዥን ያቆማል። ያ ገንዘብ ጥለነው ለመጣነው አገር እንዲናገርልን ነበር፤ ደግም አደረግን። ልጆቻችን ለሚማሩበት፣ ግብር ለምንከፍልበት፣ ምናልባትም ለምንቀበርበት አገር ጣቢያ ግን 5 ዶላር ከብዶናል።

"ዩቲዩብ እያለ ቴሌቪዥን ማን ያያል?" የሚል ይኖራል። ዩቲዩብ የፈለግነውን ያመጣልናል፤ ያልፈለግነውን ግን የሚያስፈልገንን አያመጣም። ስለ ትምህርት ቤት ቦርድ በጀት ተንትኖ ሚሊዮን ተመልካች ያገኘ ዩቲዩበር አላውቅም፤ ሰብስክራይብ በሚያስደርግ ጩኸት የሚወራ ነገር አይደለም። ተመልካቹ ጥቂት ቢሆንም ሊሠራ የሚገባውን ሥራ የሚሠራ ድርጅት የሚኖረው፣ ሰዎች ለየግላቸው ደስታ ሳይሆን ለጋራቸው ጥቅም ሲያዋጡ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚኖርበት አካባቢ ያለውን የሕዝብ ጣቢያ ይምረጥና አባል ይሁን። ሁለተኛ፣ የኮሚኒቲ ማኅበራችን፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ሁለት ሦስት ወጣቶች መርጠው የጣቢያውን የቦርድ ስብሰባ እንዲከታተሉ ያድርጉ። የፌዴራሉ ገንዘብ ሲቀር ከገንዘቡ ጋር የታሰረው ግዴታም መላላቱ አይቀርምና ተመልካቹ ራሱ በሩን ይዞ ካልቆመ ይዘጋል። ሦስተኛ፣ ስንሄድ ምስጋና ብቻ ይዘን አንሂድ፤ ጥያቄ ይዘን እንሂድ። በአማርኛ ምን ትሠራላችሁ? ከእኛ ልጆች ማንን ቀጠራችሁ? የኪራይ ሕጉ ዳግም ለክርክር ሲቀርብ ካሜራችሁ የት ይሆናል? አባል የሆነ ሰው እነዚህን ሲጠይቅ ጣቢያው እንደ ልመና አይቆጥረውም፤ መልስ መስጠት ይገባዋል።