የሚያይ ሰው ይርዳህ

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ዓይነ ስውር ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከፊት ተቀምጦ በስሌትና በስታይለስ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ብሬሉን ይጽፍ ነበር። ዛሬ እንጀራው ኪቦርድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ ይጫወታል፣ በሥራ ቀን ቤቱ ሆኖ በኮምፒዩተር ያቀናብራል። ሰሞኑን ልጠይቀው ብሄድ ፒያኖ ተጫወተልኝ። ጣቶቹ ግሩም ናቸው። ድምፁ ግን ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥን ይመስል ያስተጋባል።

«ምነው፣ ይኼ ማስተጋባት አልበዛም?» አልኩት።

«በዝቷል እንጂ ጋሼ። የሚቀንስልኝ አጣሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒያኖው ኮምፒዩተር ላይ የተጫነ ሶፍትዌር ነው። ኪቦርዱን ሲጫን ሶፍትዌሩ የፒያኖ ድምፅ ያወጣል፤ እስከዚህ ችግር የለም። የፒያኖውን ዓይነት ለመምረጥ፣ ማስተጋባቱን ለመቀነስ፣ ቅኝቱን ለማስተካከል ግን ስክሪኑ ላይ የተሳለችውን ማዞሪያ በዓይን ፈልጎ በማውስ መጎተት ያስፈልጋል። ይህን ታናሽ ወንድሙ ያደርግለት ነበር። ወንድሙ ዱባይ ሄደ። ማስተጋባቱም ወንድሙ የተወው ቦታ ላይ ቀረ።

ለሶፍትዌሩ ሻጮች ጻፈላቸው። ትሕትና የሞላበት መልስ መጣ። ፍሬ ነገሩ «የሚያይ ሰው ይርዳህ» ነው።

እኔ የምለው፣ ገንዘቡን ሲቀበሉ ለምን «የሚያይ ሰው ይክፈልልህ» አላሉትም?

ለመሆኑ ፒያኖን በኤሌክትሮኒክስ በማስመሰሉ ሥራ ውስጥ እነማን እንደነበሩበት የሚያስታውስ አለ? ሬይ ከርዝዌል የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ የሚያነብ ማሽን ሠራ። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ስቲቪ ዎንደር ነበር። ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ። በ1982 ስቲቪ፣ የእውነተኛ መሣሪያን ውበት ከኤሌክትሮኒክሱ ምቾት ጋር የሚያጣምር ነገር ቢኖር ብሎ ተመኘ። ከዚያ ምኞት በ1984 «ከርዝዌል 250» ተወለደ፤ የግራንድ ፒያኖን ድምፅ ጆሮ እስኪያታልል ካስመሰሉት ቀደምት መሣሪያዎች አንዱ ነው። እንግዲህ አንድ ዓይነ ስውር ሙዚቀኛ የተመኘው ነገር የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ በዓይነ ስውር ሙዚቀኛ ላይ በር የሚዘጉት። ጉድ በሉ!

«ቴክኖሎጂው ገና ነው» እንዳትሉኝ። ተማሪዬ ደብዳቤውን የሚያነበው፣ ኢሜይሉን የሚልከው በስክሪን ሪደር ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለውን፣ ራሱ ዓይነ ስውር የሆነው አውስትራሊያዊ ማይክል ከረን በ2006 የጀመረው ነው፤ በነጻ ይታደላል። ስክሪን ሪደር ግን ጠንቋይ አይደለም። ሶፍትዌሩ «ይቺ የማስተጋቢያ ማዞሪያ ናት፣ አሁን ሰባ ላይ ናት» ብሎ ከነገረው ያነባል። ሥዕል ብቻ ከደቀነበት ዝም ይላል። ብዙ የሙዚቃ ሶፍትዌሮች የሚሠሩበት ጁስ የተባለው የፕሮግራመሮች መሣሪያ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ይህን የመነጋገሪያ መንገድ አብሮ ይሰጣል። ማዞሪያዎቻቸው ሲነኩ ስማቸው በኮምፒዩተሩ በኩል የሚነገርላቸው ኪቦርዶችም ገበያ ላይ አሉ። ስለዚህ ይቻላል። የፈለጉት አድርገውታል።

«ስንት ሰው ሊጠቀምበት?» የሚሉም አሉ። ወዳጆቼ፣ ሰውየው ሌላ ፒያኖ ሥሩልኝ አላለም። የማዞሪያዋን ስም ስክሪኑ ላይ በቀለም ጽፋችሁታል፤ ያንኑ ስም ለስክሪን ሪደሩም ንገሩልኝ ነው ያለው። ለዚህ የሕዝብ ቆጠራ ያስፈልጋል?

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን በአድናቆት የሚመጣው ነው። «እነሱ እኮ ጆሯቸው ልዩ ነው፣ ምንም አያቅታቸውም!» እኛም አገር የቅኔ ቤቶቻችን ያፈሯቸውን ዓይነ ስውራን ሊቃውንት እየጠቀስን እንኮራለን። መኩራቱ ደግ ነው። ግን አንድ ሰው አጥር ዘሎ ገባ ማለት አጥሩን ያጠረው ሰው ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ጆሮው ልዩ ከሆነማ በደሉ ይብሳል፤ ድምፁን ከማንም በላይ መምረጥ የሚችለውን ሰው ነው ከመምረጥ የከለከልነው።

ከአሁን በኋላ የሙዚቃ ሶፍትዌር የምትገዙ፣ በተለይ ለትምህርት ቤትና ለስቱዲዮ የምትገዙ፣ ከዋጋው በፊት «በስክሪን ሪደር ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። አይሠራም ካሏችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሻጭ ምክር ባይሰማ ገበያ ይሰማል።

የዚያን ዕለት ማውሱን እኔ ያዝኩ። መነጽሬን አድርጌ ማዞሪያዋን ፈልጌ አገኘኋት። «ቀንስ ጋሼ... ቀንስ... አለፍክ፣ መልስ... ኧረ በዛ!» ስንባባል ሩብ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ «ይሁን፣ ይበቃል» አለኝ። እንደሰለቸው ገብቶኛል። አሁን ፒያኖው እኔ የተውኩት ቦታ ላይ ነው ያለው።